በእህቴ ሰላም ቀናሁ፦ ከአዘዞ እስከ ረሆቮት

ከተመለስኩ ጀምሮ የማኅበራችን ሴቶች የሚጠይቁኝ ስለ ኢየሩሳሌም ነው። መቃብሩን ተሳለምሽ ወይ፣ ዮርዳኖስ ወረድሽ ወይ ይሉኛል። አልተሳለምኩም፤ አልወረድኩም። እስራኤል አገር ደርሼ የሰነበትኩት ረሆቮት በምትባል ከተማ፣ ክርያት ሞሼ በሚሉት ሰፈር፣ በታናሽ እህቴ በውባለም ቤት ነው። እዚያም የዋልኩበት ዋናው ሥራዬ መቅናት ነበር። አብዛኞቻችሁ ያንን አገር የማየት ዕድል ላይገጥማችሁ ይችላልና፣ ያየሁትን እንዳየሁት፣ የተሰማኝንም ሳልሸሽግ በየቀኑ ከፋፍዬ ጻፍኩላችሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልንገራችሁ። ውባለም በወጣትነቷ ፈረደ የሚባል የቤተ እስራኤል ልጅ አገባች። ደርግ ሊወድቅ ሲል የነሱ ወገኖች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲወሰዱ እሷም ባሏን ተከትላ ሄደች። ሃይማኖቷን ግን አልለወጠችም፤ ዛሬም ክርስቲያን ናት። ፈረደ ካረፈ ቆይቷል። ከሱ በኋላ ስኳር ኩላሊቷን ጨረሰውና ደሟ በሳምንት ሦስት ቀን በማሽን ይታጠባል። እኔ ይርገዱ ታላቋ ነኝ። በአዘዞ አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሐኪሞቿ እህት ካለች መጥታ ትመርመር ሲሉ፣ አንዱን ኩላሊቴን እሰጣታለሁ ብዬ ተነሣሁ።

ሌላም ምክንያት ነበረኝ። አንድያ ልጄ ሰብለ ከሞተች ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ሳልሳለም የዋልኩበት ቀን ባይኖርም፣ ቆሜ የማስቀድሰው ከእግዚአብሔር ጋር ተኳርፌ ነው። ይህን ማንም አያውቅብኝም፤ እናንተም «ይርገዱ ጠንካራ ናት» ስትሉ ሰምቻለሁ። ውባለም ግን ባሏን ቀብራ፣ ጤናዋን አጥታ፣ ቤተ ክርስቲያን በሌለበት ሰፈር ተቀምጣ፣ በስልክ የምሰማው ድምጿ ሁልጊዜ የረጋ ነው። ለኔ ስትል የምታስመስል ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ስታለቅስ አግኝቻት ማጽናናት ነበር ያማረኝ።

ረቡዕ ከጎንደር ተነሣሁ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው። ሻንጣዬ ውስጥ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቆሎና አንድ ትልቅ ጠርሙስ ጠበል ጨምሬያለሁ። በእጄ ልይዘው የነበረውን ጠበል የአውሮፕላን ማረፊያው ፈታሾች ፈሳሽ አይቻልም ስላሉኝ ነው ወደ ሻንጣው የገባው። አዲስ አበባ አውሮፕላን ስቀይር አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ከልጇ ጋር ነበረች። ልጅቱ የእናቷን ቀበቶ አሰረችላት፣ ፎጣ ደረበችላት፣ ጫማዋን አወለቀችላት። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ቅናቱ የጀመረው ገና ከመነሻው ነው እንግዲህ።

ሐሙስ ማለዳ ደረስን። ፓስፖርቴን ያየው ወጣት ለምን እንደመጣሁ በአስተርጓሚ ጠየቀኝ። ለእህቴ ኩላሊቴን ልሰጥ ስል ቀና ብሎ አየኝና ማኅተሙን መታልኝ። እኔም ደረቴን ነፋ አድርጌ አለፍኩ። በሩ ላይ የውባለም ልጅ ሺራ ቆማለች። ፎቶዋን እንጂ እሷን አይቼ አላውቅም። አቅፋ ሳመችኝና «ዶዳ ይርገዱ፣ እንዴት ነሽ?» አለችኝ፤ ዶዳ በነሱ ቋንቋ አክስት ማለት ነው። በኛ አገር ልጅ አክስቱን አንቺ ቢል ጆሮውን ይያዝ ነበር። ሺራ ግን እርስዎ የሚባለውን ለአያቷ ብቻ ነው የምታውቀው። ዕድሜዋ ሰብለ በሞተችበት ዕድሜ ላይ ነው። መሪውን ይዛ ስትነዳ ጣቶቿን አያለሁ።

መንገዱ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ነው። አንድ በግ አላቋረጠንም፣ አንድ ጉድጓድ አላናጋንም። ከአዘዞ ጎንደር ፒያሳ ለመድረስ የሚፈጅብኝን ጊዜ ያህል ነድታ ብዙ ከተማ አለፍን። ነስ ጺዮናን አልፈን ረሆቮት ስንገባ በመስኮቱ የአበባ ሽታ ገባ። ሺራ የብርቱካን አበባ ነው፣ ከተማዋ በብርቱካን የታወቀች ናት አለችኝና፣ «እማ ግን ብርቱካን ተከልክላለች። ለልቧ መጥፎ ነው። በዚህ ሰሞን መስኮት ከፍታ ታሸተዋለች፣ ቤሰደር፣ ይሁን ደህና ነው፣ ትላለች» ብላ ሳቀች።

ክርያት ሞሼ ፎቆቹ ያረጁ፣ በረንዳቸው ልብስ የተሰጣበት ሰፈር ነው። ከመኪና ስወርድ የሰማሁት የጎንደር አማርኛ ነው። ከሱቁ ፊት የተቀመጡ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡልኝ፣ አንዱም ከየት ነሽ ብለው ጠየቁኝ። አዘዞ ስላቸው የድሮ ወታደሮች ሰፈር እያሉ መንደሬን ቤት በቤት ጠሩልኝ። ከሄዱ ስንት ዘመናቸው ነው፤ እኔ እንኳ የረሳሁትን ያውቃሉ።

ውባለም በሩን ራሷ ከፈተች። ከስታለች፣ ጠቁራለች፤ ግራ እጇ ላይ ደም ሥሯ እንደ ገመድ ተገትሯል። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። እሷ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ፈገግ አለች። ከኋላዋ አማቷ እማማ ዝማም ብቅ አሉ። ሻሽ ያሰሩ፣ ጎበጥ ያሉ ባልቴት ናቸው። «ያንች እህት ለኔ ልጀ ናት፤ ግቢ» አሉኝ።

ሻንጣዬን ስንከፍት ጠበሉ ፈስሶ በርበሬው ጭቃ ሆኗል። ሽሮው ተላቁጧል። የወር ልፋቴ ነበርና ወለሉ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። እማማ ዝማም ዝቅ ብለው በርበሬውን በማንኪያ እየዛቁ በረንዳ ላይ አሰጡት፤ «ይደርቃል፤ ፀሐይ እንደሆን እዚህ አይጠፋም» አሉ። ከጠርሙሱ የተረፈው ጠበል አንድ ሲኒ አይሞላም። ውባለም ውኃ በልክ ነው የምትጠጣው፤ ኩላሊቷ አያወጣውምና የጠጣችው ሁሉ ልቧ ላይ ይቆማል። ለዕለቱ የተፈቀደላትን አንድ ሲኒ መልሳ አፈሰሰችና በምትኩ ጠበሉን በሦስት ጉንጭ ጠጣች። ከጠጣች በኋላ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ፊቷ ላይ የመጣውን ነገር አየሁት። እኔ ያንን ጠበል ሰብለ ከሞተች ወዲህ በየማለዳው በጆግ እጠጣለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ፊቴ ላይ መጥቶ አያውቅም። ያን ጊዜ ነው እንደማታስመስል የገባኝ። ከመደሰት ይልቅ ቀናሁ።

ዓርብ ጠዋት ሺራ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ደም ቀዱልኝ፣ ሽንት ሰጠሁ፣ ግፊቴን ለኩ። ውጤቱ ሳምንት ሳይሞላ ይነገራችኋል፣ ሌላው ምርመራ ከዚያ ይቀጥላል ተባልን። ስመለስ እማማ ዝማም ለሰንበት ቤቱን እያጠቡ ነው። ምሳ ላይ ውባለም የተቀቀለ ዶሮ ስትበላ አየሁ። ሐኪሞች ሥጋና እንቁላል ካልበላሽ ማሽኑ ያደክምሻል ብለዋታል። እኔ ፊቴን ላለማጥቆር እየታገልኩ ሽሮዬን በላሁ። በጾም ዶሮ የምትበላዋ የተረጋጋች፣ በውኃ የተቀቀለ ምስር የማላልፈው እኔ የምታወክ። ይህ ነገር ትክክል አልመስል አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ውባለም ወደ መኝታ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ልትጸልይ ነው። እማማ ዝማም በርጩማ አምጥተው በሩ ፊት ተቀመጡና ምስር ይለቅሙ ጀመር። ለሰንበት ሰላምታ የሚመጣ ጎረቤት ሲያንኳኳ «አለች፤ ተኝታለች» እያሉ ይመልሳሉ። ኋላ ለብቻችን ስንሆን ለምን እዚያ እንደሚቀመጡ ጠየቅኋቸው። ሰው ድንገት ገብቶ የምትጸልይበትን ቅዱስ ሥዕል እንዳያይባት፣ ወሬም እንዳያበዛባት ነው አሉኝ። ልጃቸው ካገባት ቀን ጀምሮ እንዲህ ነው። «የኔ ጸሎት ሌላ ነው፣ የሷ ሌላ ነው። ስትወጣ ግን ፊቷን አየዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ምን አገባኝ?» አሉ። የኔ አማት በሕይወት ሳለች የመርፌ ቀዳዳ ያህል እንኳ ክፍት ልብ አሳይታኝ አታውቅም። በእህቴ አማትም ቀናሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ነቅቼ ማንም ሳይነሣ ሻይ ላፍላ ብዬ ጋዝ ለኮስኩ። እማማ ዝማም ሲገቡ ውኃው ይንተከተካል። ቆም ብለው አዩት። በሰንበት እሳት እንደማይነድ ያን ጊዜ ትዝ አለኝና ደንግጬ አጠፋሁት፤ ለካ ማጥፋቱም ያው ነው። እሳቸው ምንም አልተቆጡም። ከዓርብ ጀምሮ ሳይቀዘቅዝ ከተጣደው ማሞቂያ ሻይ ቀድተው ሰጡኝና አጠገቤ ተቀመጡ። «ያንች ሰንበት ነገ ነው፤ ይህ የኔ ነው። አላወቅሽም፤ አይቆጠርብሽም» አሉኝ። ያን ቀን ሰፈሩ ጸጥ ብሎ ዋለ። አውቶብስ የለም፣ ሱቅ አይከፈትም። እኛ ዘንድ ቅዳሜ ገበያ ነው፤ አህያና ባጃጅ የሚገፋፋበት ቀን ነው። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ቁጭ ብዬ የሰማሁት የራሴን ሐሳብ ብቻ ነበር፤ ደስም አላለኝ።

እሑድ ውባለምን ተከትዬ ደም ወደምትታጠብበት ሄድኩ። ሰፊ ክፍል ነው፤ ወንበሮች ተደርድረው ሰዎች ክንዳቸው ከማሽን ጋር ተያይዞ ተጋድመዋል። ሁሉም ያውቋታል። ነርሷ ጉንጯን ሳመቻት። ከጎኗ የተኛው ሩሲያዊ ሽማግሌ ሌላውን ሁሉ ይሳደባል፤ እሷን ሲያይ ግን ባርኔጣውን አነሣላት። በዕብራይስጥ አንድ ሁለት ቃል ተባባሉና ሳቁ። መርፌው እንደ ሹራብ መስፊያ ወፍራም ነው። ሲገባ እሷ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ከዚያ ትከሻዋ ይላላል። ሽማግሌው ማቃሰት ሲጀምር ቀስ ብላ መዝሙር አንጎራጎረች። ቋንቋውን አያውቀው፣ የሚዘመርለትን አያምንበት ይሆናል፤ ብቻ ዝም ብሎ አዳመጠ፣ ሲያቃስተው የነበረው ሕመምም ጋብ አለለት።

እኔ በጠያቂ ወንበር ላይ ዳዊቴን ገልጬ ተቀምጫለሁ። ያው ገጽ ላይ ነበርኩ። በልቤ የምለው፣ ጌታ ሆይ፣ ለዚች ስትሰጥ እኔን ለምን ዘለልከኝ ነው። ልጄ ስታቃስት እኔም ዘምሬላት ነበር። አልጋዋ አጠገብ ድምፄ እስኪዘጋ ዘምሬያለሁ። ምንም ጋብ አላለላትም።

ሰኞ ለኢየሩሳሌም የተቆረጠ ቀን ነበር። ሺራ ፈቃድ ወስዳ ልትወስደኝ ነው። ጠዋት ውባለም ከመኝታ ስትነሣ ዞሮባት ወደቀች። ከማሽኑ ማግስት አንዳንዴ ግፊቷ እንደሚወርድ ነገሩኝ። አስተኛናት፣ ሺራም እናቴን ትቼ አልሄድም አለች። ልክ ናት። እኔ ግን ከአዘዞ ድረስ መጥቼ መቃብሩን ሳልሳለም ልቀር ነው ብዬ ተናደድኩ። ባቡር ካለ ብቻዬን እሄዳለሁ ብዬ ሙጭጭ አልኩ። ሺራ ከጣቢያው ድረስ አድርሳኝ፣ ቴል አቪቭ ወርደሽ ሌላ ባቡር ትይዣለሽ ብላ ደጋግማ አስረድታኝ ወደ እናቷ ተመለሰች።

የረሆቮት ባቡር ጣቢያ ሁለት ወገን አለው። ሰው ሲሮጥ እኔም ሮጬ የደረሰውን ባቡር ያዝኩ። ወንበሩ ለስላሳ፣ መስኮቱ ሰፊ ነው። ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ። እየቆየ ሲሄድ አሸዋ፣ ትልልቅ የወደብ ማንሻዎች፣ ከዚያም ባሕር የሚመስል ነገር አየሁ። ኢየሩሳሌም ተራራ ላይ ነው ሲባል ነው የሰማሁት። ፊት ለፊቴ ዘንቢል የያዘች የኛ አገር ሴት ነበረችና ስጠይቃት፣ «እናቴ፣ ይህ እኮ አሽዶድን አልፎ ወደ አሽቀሎን የሚወርድ ነው። ተሳስተው ነው የተሳፈሩት» አለችኝ።

ያቺ ሴት ስሟን እንኳ በደንብ አልያዝኩትም። ከሥራ ወደ ቤቷ የምትሄድ ናት። የራሷን መንገድ ትታ ከኔ ጋር ወረደች፣ አሻግራ በወዲያኛው በኩል አቆመችኝ፣ ለሺራ ደወለችልኝ። አይብ ያለበት መጋገሪያ ገዝታ ሰጠችኝ፤ ጾም ነው ስላት ሰሊጥ የተነሰነሰበት ደረቅ ዳቦ ለወጠችልኝ። ኢየሩሳሌም እንዳልደረስኩ ስነግራት ያሳዝናል አላለችም። «ቤትዎ ይመለሱ፤ የታመመ ሰው ይጠብቅዎት የለ?» ነው ያለችኝ። የሚመልሰኝ ባቡር እስኪመጣ ድረስ አጠገቤ ቆማ አስጫወተችኝ። እናቷ በእግር ሱዳን ሲሻገሩ በመንገድ የቀሩ እንደሆኑ ነገረችኝ። ረጋ ብላ ነው የተናገረችው። በዚህች መንገደኛም ቀናሁ።

ቤት ስደርስ ደረጃው ላይ ጎረቤት ሁሉ ወጥቷል፤ እማማ ዝማም ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ይጠብቁኛል። ውባለም በዚያ ድካሟ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ በር በሩን ታያለች። አልወቀሰችኝም። «ዳቦ በላሽ? ጠጋ በይ» አለችኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉን ዘረገፍኩት።

«ውባለም፣ ቀንቼብሻለሁ» አልኳት። «እኔ እጾማለሁ፣ አንቺ ዶሮ ትበያለሽ። እኔ የማርያም ደጅ ጎረቤቴ ነው፣ አንቺ ቤተ ክርስቲያን ካየሽ ስንት ጊዜሽ ነው? ልጅሽ አጠገብሽ ናት፤ የኔ አፈር ውስጥ ናት። ሰላሙን ደግሞ እግዚአብሔር ላንቺ ሰጠ። እኔ ምን አጎደልኩ?»

ሎሚ የተከተፈበት ሲኒዋን አንሥታ ከንፈሯን ብቻ አራሰችና መለሰችው።

«ሰብለን በተመለከተ ምንም የማውቀው የለኝም እታለም» አለች። «ለምን እንደሆነ ብትጠይቂኝ አላውቅም። የራሴን ልንገርሽ። ማሽን ላይ የወጣሁ ሰሞን እጮህ ነበር። እማማን ጠይቂያቸው፣ ሳህን ሰብሬያለሁ። መስገድ ቀረብኝ፣ ጾም ቀረብኝ፣ ማስቀደስ ከመጣሁ ጀምሮ ቀርቶብኛል። በዚያ ላይ ውኃ በልክ ሆነ። አንድ ቀን እጄ እንደታሰረ ጉሮሮዬ ደረቀ። ነርሷን ለመንኳት፣ አይሆንም አለችኝ። ያን ጊዜ ጌታም በመስቀሉ ላይ ሆኖ ውኃ እንደጠማው ትዝ አለኝ። ስቅለት በመጣ ቁጥር ሲነበብ ሰምቼዋለሁ። ጠምቶኝ ግን አልሰማሁትም ነበር። ታውቀዋለህ ማለት ነው አልኩት። ሌላ አላልኩም። ጥሙ እንዳለ ነው፤ ዛሬም ይጠማኛል። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ብቻዬን ጠምቶኝ አያውቅም።»

ይህን ስሰማ ቅናቴ የበረደ እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ባሰብኝ። ከዚያ በፊት የምቀናው በማላውቀው ነገር ነበር፤ አሁን ግን ምን እንዳላት አወቅሁት። ማክሰኞ ወደ ማሽኑ ስትሄድ ራሴን አሞኛል ብዬ ቤት ቀረሁ። ራሴን አላመመኝም።

ረቡዕ የሐኪሙ ጥሪ መጣ። ሺራ እያስተረጎመችልኝ ገባን። ሐኪሙ ፀጉሩ የሸበተ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ለሺራ ነገራት። ሺራ ቶሎ አልተረጎመችውም። እጄን ያዘችና «ዶዳ፣ ስኳር አለብሽ። ከቆየ ነው። ኩላሊት መስጠት አትችይም፤ አንቺ ራስሽ መታከም አለብሽ» አለችኝ።

ያንን ቀን እንዴት ብዬ ልግለጸው። የሄድኩት ሰጪ ሆኜ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ደረቴን የነፋሁት በዚሁ ነው። እህቴ የሌላት ጤና ነበረኝና በሌላው ሁሉ ብትበልጠኝ በዚህ እበልጣታለሁ ብዬ ነበር። አሁን እሱም ሄደ። እህቴን ያሰራት በሽታ እኔም ዘንድ ገብቶ ተቀምጧል። ቤት ስንገባ ውባለም ከፊታችን አነበበችው። እሷ ነበረች ተስፋዋ የተቆረጠው፤ እኔ ግን ወለሉ ላይ ተደፍቼ እንደ ልጅ አለቀስኩ። የማለቅሰውም ለሷ ኩላሊት አልነበረም። የሰብለን ስም ነበር የምጠራው።

ውባለም ወደ ክፍሏ ይዛኝ ገባችና በሩን ዘጋች። አልጋው ላይ አስቀምጣኝ፣ ሰብለ እንዴት እንደሞተች ንገሪኝ አለችኝ። እመኑኝ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። በቃሽ፣ እግዜር ያውቃል፣ ተጽናኚ ነው የተባልኩት። እኔም ከመጀመሪያው ራስ ምታት አንሥቼ፣ በመጨረሻ እናቷ መሆኔን እንኳ ሳትለይ እስከሄደችበት ጠዋት ድረስ ነገርኳት። እሷ አላቋረጠችኝም፤ እያለቀሰች ሰማችኝ። ለካ ታለቅሳለች። ስጨርስ ተነሥታ ከሥዕሉ ፊት ቆመችና የሰብለን ክርስትና ስም ጠራች። እኔም አጠገቧ ቆምኩ። ከበሩ ወዲያ የእማማ ዝማም በርጩማ ሲጎተት ሰማሁ። ውጭ ሰው አንኳኳ፤ እሳቸውም «ሁለቱም ተኝተዋል» አሉ።

ሐሙስ እሷን ተከትዬ ማሽኑ ዘንድ ዋልኩ። ለኔም ኪኒን ታዞልኛል። ሩሲያዊው ሽማግሌ የኔንም ነገር ሰምቶ ኖሮ ከኪሱ ስኳር የሌለበት ከረሜላ አውጥቶ ሰጠኝ።

ዓርብ ጠዋት የምመለስበት ቀን ነው። እማማ ዝማም የደረቀውን በርበሬ ፈጭተው፣ ኑግ የመሰለ ነገር አክለውበት በላስቲክ አሥረው ሰጡኝ፤ ያመጣሁትን መልሼ ልይዝ ነው ብዬ ሳቅሁ። ሺራ መኪናውን ልታመጣ ወረደች። ውባለም ነጠላዬን ስታስተካክልልኝ እጇ ቆመ።

«እኔም ቀንቼብሻለሁ እታለም» አለች። «መጥተሽ ደጁ ላይ ከቆምሽ ቀን ጀምሮ።»

በምኔ ብዬ ጠየቅኋት።

«አንቺ የምትቀበሪበትን ታውቂዋለሽ። ማርያም ግቢ፣ ሰብለ አጠገብ። እኔ እዚህ የት እንደምቀበር አላውቅም። ፈረደ ካለበት አያስገቡኝም፤ የነሱ ሰው አይደለሁም። ጎንደር ደግሞ ማን ይወስደኛል? ሌሊት ሌሊት ይህ ነው የሚያስጨንቀኝ። ለጌታ እነግረዋለሁ፤ አንዳንዴ እየተነጫነጭኩ ነው የምነግረው። ሰላም አለሽ ስትይኝ እንዳላሳስትሽ ብዬ ነው የነገርኩሽ።»

ሳምንት ሙሉ የቀናሁባት ሴት ያላት ሰላም ይህን ሁሉ ጭንቀት ተሸክሞ የሚኖር መሆኑን አላየሁም ነበር።

እማማ ዝማም ከወጥ ቤት ደጅ ቆመው ይሰሙን ኖሯል። እጃቸውን በመቀነታቸው እየጠረጉ መጡ።

«ይህንንማ ጨርሸዋለሁ» አሉ። «ሃይማኖት የማይጠየቅበት መቃብር ከከተማ ወጣ ብሎ አለ። ሺራን አስጽፌያታለሁ። ሁለት ቦታ ነው ያስያዝሁ፤ አንዱ ያንች፣ አንዱ የኔ።»

ውባለም አፍጥጣ አየቻቸው። «እማማ፣ ልጅዎ አጠገብ የተያዘልዎ ቦታ አለ እኮ» አለቻቸው።

«ፈረደ አባቱ አጠገቡ ነው፤ ብቻውን አይደለም። አንችን ብቻሽን ጥየ የት እሄዳለሁ?» አሉና ወጡ እንዳያርባቸው ወደ ምድጃቸው ተመለሱ።

ውባለም ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። ረቡዕ ዕለት እንዳየሁባት ያለ የረጋ ለቅሶ አልነበረም። እስክትጨርስ አቅፌያት ቆምኩ። ሺራ ከታች ጥሩምባ ስትነፋና «ያላ፣ ዶዳ፣ እንሂድ» ብላ ስትጣራ ነው የተላቀቅነው።

አውሮፕላኑ ተነሥቶ የብርቱካኑ እርሻና የባሕሩ ዳር ከታች ሲቀሩ ዳዊቴን ልከፍት አወጣሁት፤ ግን ሳልገልጠው ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ተኝቷል። ወደ መስኮቱ ዞሬ፣ «ጌታ ሆይ፣ በእህቴ ቀንቻለሁ። በአማቷም ቀንቻለሁ። ልጄን ስለወሰድክብኝ አሁንም ተቀይሜሃለሁ» አልኩት። እንዲህ ብዬ ተናግሬው አላውቅም። ያልሸመደድኩትን ጸሎት ስጸልይ የመጀመሪያዬ ነበር፤ አዲስ አበባ እስክንደርስም አላቋረጥኩም።